ምሥጢራትን ሁሉ ተቀብሎ

ሊበራታ ባሏ ዊስቲን የቤተ ክርስቲያንን ምሥጢራት ሁሉ ተቀብሎ እንደሞተ የሰማችው ዳቦ ልትገዛ ተሰልፋ ነው። ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ ዊስቲን ከሞተ ሠላሳ ቀን የሞላው። የሠላሳው ቅዳሴ ለማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተይዟል። የዳቦ መኪናው እንደ ወትሮው ከደረጃ መንገዳችን ሥር ቆሞ ጥሩምባውን ነፍቶ ሰፈሩን ሰብስቧል። እኔ ከሊበራታ ኋላ ነበርኩ። ከፊቷ የነበሩት ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ስለሰጧት አላዩአትም። አንደኛዋ ከቦርሳዋ መዳፍ የምታክል ካርድ አውጥታ ለጓደኛዋ ታሳያለች።

«እዪማ፣ ምን የመሰለ ሥዕል ነው! ስንት ዘመን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይረግጥ ኖሮ መጨረሻው እንዴት አማረለት! ንስሐው፣ ቁርባኑ፣ ቀንዲሉ፣ አንድም አልቀረው። ይኸው ተጽፏል።»

«ፎቶውንስ አየሽው? ክራቫት አስረውለታል። እኔ ስሞት የሠርጌን ፎቶ ነው የምታደርጉልኝ።»

«ያኔማ ማን እንደሞተ በምን ይታወቃል!»

ሳቁ። ዳቦ ሻጩ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ሊበራታን ሲያያት ጉሮሮውን ጠረገ። ሴቶቹ ዞር አሉ። ካርዱን የያዘችው የሰረቀችው ነገር ይመስል መልሳ ወደ ቦርሳዋ ወተፈችው፤ ከዚያ የሚደበቅ ነገር እንደሌለው ትዝ ሲላት የሊበራታን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ «ነፍስ ይማር። ሰው ሁሉ እንዲህ አይሞትም፤ ልትጽናኚ ይገባሻል» አለቻት። ሊበራታ አንገቷን ነቀነቀች። ተራዋ ደርሶ ዳቦ ሻጩ ስንት እንደምትፈልግ ሲጠይቃት ዳቦውን ትታ ከሰልፉ ወጣች። የሆነውን ሁሉ በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ያን ጊዜ የመሰለኝ ሐዘን የቀሰቀሰባት ብቻ ነበር።

በቀጥታ የሄደችው የባሏ እኅት ፊሉሜና ጋ ነው። ፊሉሜና አላገባችም፤ አርባ ዓመት ለሰፈሩ ልጆች የሃይማኖት ትምህርት ስታስተምር ኖራለች። ከሁለት መንገድ ወዲያ ባለው አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ግድግዳ የሚባል ነገር አይታይም፤ ሁሉም ቅዱሳን ነው። በጠረጴዛዋ መስታወት ሥር የከተማችን የቦርምላ ሙታን የመታሰቢያ ካርዶች በዓመት በዓመታቸው ተደርድረዋል፤ ሻይ ስታቀርብልህ ብርጭቆህ ከአንዱ ሟች ፊት ላይ ያርፋል። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ፎቶ መርጣ፣ ጽሑፍ አስጽፋ፣ ማተሚያ ቤት የምትሄደው እሷ ናት። ማንም አይጠይቃትም፣ ማንም አይከለክላትም። ሊበራታም ወንድምሽ ነው፣ እንደፈለግሽ አድርጊ ብላት ነበር። ያን ሰሞን ስለ ካርድ የምታስብበት ልብ አልነበራትም።

ካርዶቹ ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ ታስረው ተከምረዋል። ሊበራታ ከላይ ካለው እሽግ አንዱን ስባ አወጣች። በፊት ለፊቱ የቅዱስ ዮሴፍ ሞት ተሥሏል፤ ሽማግሌው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ በአንድ ወገን ልጁ ኢየሱስ እጁን ይዞት፣ በሌላው ወገን ማርያም ግንባሩን ስትዳብሰው። በእኛ ዘንድ ሰው ሁሉ እንዲህ ለመሞት ነው የሚጸልየው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ መልካም ሞት ማለት ይህ ሥዕል ነው። በጀርባው ዊስቲን በልጁ በማርቴዝ ሠርግ ላይ የተነሣው ፎቶ አለ፤ ከጎኑ የተቆረጠ የሰው ትከሻ ይታያል። ትከሻው የሊበራታ ነው። ከሥሩ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ከዚያም ያቺ መስመር፣ «የቅድስት ቤተ ክርስቲያንን ምሥጢራት ሁሉ ተቀብሎ በሰላም ዐረፈ»።

«ማነው ይኼን የጻፈው?»

«ምኑን?» ፊሉሜና ላስቲክ ከማጠንጠን ቀና አላለችም።

«ምሥጢራትን ሁሉ ተቀብሎ የሚለውን።»

«ካርድ ላይ እንዲህ ነው የሚጻፈው። የማንንም ካርድ ብታዪ እንዲህ ነው የሚለው።»

«አልተቀበለማ፣ ፊሉሜና።»

«አለመቀበሉን አጥቼው ነው? እኔንና አባ ፓውልን ከበር የመለሰን ማን ሆነና!»

 ፊሉሜና ቆጥራ ያሰረችውን እሽግ ፈትታ እንደገና ታስራለች፤ ሊበራታ በእጇ ያለውን ካርድ ትመለከታለች። ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነው። ዊስቲን በመርከብ ማደሻው ዕድሜውን በሙሉ በያጅ ነበር። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት፣ የሠራተኛውን ፓርቲ መደገፍ ከንስሐ በሚያስከለክልበት ዘመን፣ አባቱ የፓርቲውን ጋዜጣ ማንበብ አልተውም ብሎ ሞተ፤ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ደወል፣ ከመቃብሩ ቅጥር ጥግ ባልተባረከው መሬት ተቀበረ። ያንን ቦታ ሰው ቆሻሻ መጣያ እያለ ይጠራው ነበር። በዚያው ዓመት ዊስቲንና ሊበራታ ሲጋቡ ከመንበሩ ፊት መቆም ተከልክለው፣ ልብሰ ተክህኖ በሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ፣ ያለ አበባ፣ ያለ ኦርጋን ተጋቡ። ኋላ ነገሩ በርዶ ሁሉም ተረሳ ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ቅዳሴው ተመለሰ፤ ሊበራታም ተመለሰች። ዊስቲን ብቻ አልተመለሰም። ሳንባው ታሞ ከአልጋ በዋለ ጊዜ የሚስቱን እጅ ይዞ፣ «ምንም ብሆን፣ አፌ እንኳ ቢዘጋ፣ ማንንም ቄስ እንዳታስገቢብኝ። ማዪልኝ» አላት። ማለችለት። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ፊሉሜና አባ ፓውልን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ ሊበራታ በሩን በትከሻዋ ይዛ፣ «ተኝቷል» አለቻቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሞተ።

«የእመቤታችን ሜዳሊያ ግን አብራው ነበረች» አለች ፊሉሜና በመጨረሻ። «ከመሞቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ ትራሱ ውስጥ ሰፍቻታለሁ። እመቤታችን በላይዋ ላይ የተኛን ሰው አትተወውም። ጽሑፉ እንደምትይው ውሸት አይደለም።»

«ትራሱን ሳጥብ አገኘኋት።»

«ታዲያስ!»

«ሳያውቅ ነው ያደረግሽው። አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ለልጆቹ ሜዳሊያ ክታብ አይደለም፣ ያጠለቀው ሰው ልመና ነው ስትዪ የኖርሽው? እሱ መቼ ለመነ?»

ፊሉሜና ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው። ዓይኗ ቀልቷል። «እላለሁ። አሁንም እላለሁ። ወንድሜ ሲሞት ግን አስተማሪ አልነበርኩም» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ብዬ ላስጽፍ ኖሯል? እምቢ ብሎ ሞተ ብዬ? አባቴን ያለ መስቀል ቀብሬያለሁ፣ ሊበራታ። ሰው መንገድ ሲለውጥብን አይቻለሁ። ሁለተኛ አይደገምብኝም። ማታ በቤተ ክርስቲያኑ በር ከእኔና ከማርቴዝ ጋር ቆመሽ ካርዱን ታድያለሽ። ባልሽ ነው» አለቻት።

ሊበራታ ካርዱን መልሳ እሽጉ ላይ አድርጋ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ማርቴዝ ከምትኖርበት ከፍጉራ በአውቶቡስ መጥታ በድስት ያመጣችውን የዱባ ሾርባ ታሞቃለች። ዊስቲን የሞተበት አልጋ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የኦክስጅኑ ሲሊንደር እስካሁን የሚወስደው ሰው አልመጣም፣ ማርቴዝ ፎጣ አልብሳዋለች። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። ማርቴዝ ጎረቤቷ ስለሸጠው መኪና አወራች፣ ስለ ቧንቧው ማንጠብጠብ አወራች። ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «እማ፣ ከቀብሩ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሌሊት ሌሊት አባዬ እንደ አያቴ እዚያ ጥግ የተጣለ ይመስለኝ ነበር። ትናንት አክስቴ ካርዱን ስትሰጠኝ ነው የተኛሁት። ለምን አልነገርሽኝም ቄስ እንደገባለት?» አለቻት።

ሊበራታ እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የልጇን ፊት አየችው፤ ሠላሳ ቀን የከሳው ፊት በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ትንሽ ወዝ አግኝቷል። «ሾርባሽ እየቀዘቀዘ ነው» አለቻት። ማርቴዝ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። የሁለቱም ሾርባ ቀዘቀዘ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሊበራታ ጥቁር ሻርፗን ደርባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አባ ፓውልን ያገኘችው በዚያው በተጋባችበት ጓዳ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ተለውጠዋል፤ ቁም ሣጥኑ ያው ነው፤ የሰም ሽታውም ያው ነው። አባ ፓውል ገና አርባ ዓመት አልሞላቸውም፤ ያን ዘመን በወሬ ካልሆነ አያውቁትም። ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«ካርዱን አይተውታል?» አለቻቸው።

«አይቼዋለሁ» አሉ ቄሱ። «ፊሉሜናን ተይ ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌ ናት፣ ሐዘንተኛ ናት ብዬ አለፍኩት። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

«የመጣሁት ለካርዱ አይደለም፣ አባ። እናንተ ደረጃውን ከወረዳችሁ በኋላ ዓይኑን ገልጦ ወደ በሩ አየ። ከንፈሩን ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰ። ድምፅ የለውም። ውኃ መሰለኝና በማንኪያ ሰጠሁት፤ በአገጩ ፈሰሰ። ደግሞ ወደ በሩ አየ። ሠላሳ ቀን ሙሉ ይህን ነው የማየው። ሐሳቡን ለውጦ እርስዎን ፈልጎ ቢሆንስ? እኔ ውኃ እያልኩ…»

 በመስኮቱ ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል። «ሊበራታ፣ የእግዚአብሔር ምሕረት የሰው በር ስለተዘጋ አይመለስም» አሉ አባ ፓውል ቀስ ብለው። «ዊስቲን በልቡ ዘወር ብሎ ከሆነ አይቶታል።»

«ምሕረቱ ያለ እናንተ የሚደርስ ከሆነ ታዲያ ያን ቀን ለምን ሮጣችሁ ደረጃውን ወጣችሁ?»

ይህን ያለችው ልትሞግት አልነበረም፤ ለማወቅ ነበር።  ቄሱ የሚናገሩት ነገር እንደነበራቸው አልጠራጠርም፤ ተምረውበታል፤ ግን ከፊታቸው ላለችው ሴት የሚሆን አልመሰላቸውም። በመጨረሻ ንስሐ መግባት ከፈለገች አሁኑኑ እንደሚሰሟት ነገሯት።  «ምኑን ነው የምናዘዘው?» አለች ሊበራታ። «መሐላውን መጠበቄን ነው ወይስ መማሌን? እሱን ካወቅሁት እመጣለሁ።» ብድግ ብላ ሻርፗን አስተካከለች። አባ ፓውል እስከ በሩ ሸኟት፤ በሩ ላይ እጃቸውን ሊጭኑባት ከፍ አድርገው ነበር፣ እሷ ግን ቀድማ ወጥታ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሦስቱ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሙ። ፊሉሜና የጫማ ሣጥን ሙሉ ካርድ ይዛለች፤ ማርቴዝ በግራ፣ ሊበራታ በቀኝ። የካቲት ነውና ነፋሱ ከወደቡ በኩል ይመጣል። ሰው እየመጣ፣ እጅ እየጨበጠ፣ ካርድ እየተቀበለ ገባ። አንዳንዱ የቅዱስ ዮሴፍን ሥዕል ይስመዋል፤ አንዳንዱ ገልብጦ ፎቶውን ያያል፤ ሁሉም ግን ያቺን መስመር ያነባታል። አንብበው ቀና ሲሉ ፊታቸው ለስለስ ይላል። ቀድሞ ሊበራታን ሲያዩ ምን እንደሚሉ የሚጨንቃቸው ሰዎች አሁን የሚሉት ነገር አግኝተዋል። «እንኳንም ታረቀ።» «እመቤታችን አልጣለችውም።» ሊበራታ ለእያንዳንዱ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ካርዱን የምትሰጠው አቀርቅራ ነበር፤ ሃያ ሠላሳ ካርድ ከሰጠች በኋላ ቀና ብላ መስጠት ጀመረች።

ካርምኑን ያየችው ያኔ ነው። ካርምኑ ከዊስቲን ጋር ከልጅነት እስከ ጡረታ በአንድ መርከብ ማደሻ የሠራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በቅጥነቱ ሁላችንም ሽቦ እንለዋለን። እሱም ከዚያ ከክልከላው ዘመን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አያውቅም። ለጓደኛው ሲል ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ ቆሟል። ለመግባት አልመጣም፤ ውጭ ቆሞ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሊጠብቅ ነው የመጣው። ማርቴዝ ደስ ብሏት ወርዳ አንድ ካርድ ሰጠችው። መነጽሩን ከኪሱ ፈልጎ አደረገ። አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ወጥቶ ሊበራታ ፊት ቆመ።

«እውነት ነው?» አላት።

ፊሉሜና ሣጥኗን እንደያዘች ዞረች። ማርቴዝ ከኋላው ቆማ እናቷን ታያለች።

«እኔን እኮ፣ ከመሞቱ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ ‹ከጠራኋቸው መቃብሬ ላይ ትፋ› ብሎኛል» አለ ካርምኑ። አልተቆጣም። ሰው መንገድ ሲጠይቅ እንደሚያወራው ነው ያወራው። «ብቻ ንገሪኝ። አልቀየመውም። ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አያውቅም፤ እኔም ነገ የማደርገውን አላውቅም። ዐውቄው ልሂድ ብዬ ነው።»

ሊበራታ የልጇን ፊት አየች። «እውነት ነው» አለች። «ተቀብሏል።»

ካርምኑ መነጽሩን አወለቀ። «እሺ» አለ። «እንግዲያው ብቻዬን ቀረሁ ማለት ነው።» ካርዱን መሬት አልጣለውም፤ ወደ ሣጥኑ መልሶ፣ እንዳይታጠፍ ተጠንቅቆ፣ ከሌሎቹ መካከል ሰካው። ኮፍያውን አድርጎ ደረጃውን ወረደ። ደወሉ ሲደወል ማዕዘኑን ታጥፎ ነበር።

በቅዳሴው ጊዜ እኔ ከሊበራታ ሁለት ወንበር ኋላ ነበርኩ። የዊስቲን ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ሲንበረከክ እሷ ተቀምጣ ቀረች። እግሯን ያመማት መሰለን። አንድ ጊዜ ብቻ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየሁ፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አላውቅም። ለቁርባን ስንነሣ አልተነሣችም። ፊሉሜና በክርኗ ጎሰም ብታደርጋትም አልተንቀሳቀሰችም። አባ ፓውል የመጨረሻውን ቡራኬ ሰጥተው ሳይጨርሱ ተነሥታ በጎን በር ወጣች።

ካርምኑ የሚኖረው በእኛው ደረጃ መንገድ፣ ከእኔ ቤት ትይዩ፣ ምድር ቤት ነው። እኔ ቤቴ ገብቼ ነፋሱ የሰጣሁትን ልብስ ሳይወስድብኝ ላስገባ በረንዳ ላይ ስወጣ ሊበራታ በሩን እያንኳኳች ነበር። ከውስጥ ሬድዮ ይሰማል። አልከፈተም።

«ካርምኑ፣ እኔ ነኝ፣ ሊበራታ። ክፈትልኝ። ዋሽቼህ ነው። አልተቀበለም። ቄሱን ከበር የመለስኩት እኔ ነኝ። እንደነገረህ ነው የሞተው፣ ሰማኸኝ? እንደነገረህ!»

ሬድዮው ተዘጋ። መስኮቶች ተከፈቱ፤ ከላይም ከታችም ሰው ብቅ ብቅ አለ። ሊበራታ ዙሪያዋን አላየችም። ግንባሯን ከበሩ እንጨት ላይ አድርጋ ያንኑ ቃል በቃል ደገመችው፤ በሁለተኛው ጊዜ ድምጿ ከፍ ብሎ ከታች እስከ ዳቦ መኪናው መቆሚያ ድረስ ይሰማ ነበር። እዚያ ታች ማርቴዝና ፊሉሜና ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ቆመዋል። ማርቴዝ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ሊበራታ» አለ ካርምኑ ከበሩ ኋላ። ድምፁ በጣም ቅርብ ነበር፤ እሱም ከእንጨቱ ተጠግቶ የቆመ ይመስላል።

«እውነቴን ነው የምልህ! በልጄ ይሁንብኝ!»

«እዚያም እውነትሽን መስለሽ ነው የነገርሽኝ። ዓይን ዓይኔን እያየሽ። አሁን የቱን ልመን?»

መልስ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን።  ጥቂት ቆይቶ ሬድዮው ተከፈተ፤ ከቀድሞው ከፍ ብሎ።

ማርቴዝ እናቷ ጋ አልመጣችም። ፊቷን አዙራ ወደ አውቶቡሱ መቆሚያ ብቻዋን ወረደች፤ መጀመሪያ በርምጃ፣ ከዚያ በሩጫ። ፊሉሜና ባዶ ሊሆን ትንሽ የቀረውን ሣጥን በብብቷ ይዛ ደረጃውን ወጣች፤ ከሊበራታ ኋላ አልፋ መንገዷን ቀጠለች። ከሁለቱ የዳቦ ሰልፍ ሴቶች አንዷ መስኮቷን ዘጋች፤ ሌሎቹም እየተከተሉ ዘጉ። ሊበራታ ግንባሯን ከበሩ ሳታነሣ ቆማለች። ወርዶ እጇን የያዛት ሰው አልነበረም። እኔም ልብሴን ሰብስቤ ገባሁ።